የኬኩ እናት ጠበቃ ዘንድ ስትሄድ

ነሐሴ ሲገባ ከተማችን ፍሬስኖ እንደ እንቅልፍ ናት። ወይኑ በየረድፉ መሀል ወረቀት ላይ ተሰጥቶ ዘቢብ ይሆናል፣ ሽታው በመስኮት ይገባና ሰውን ያደነዝዘዋል። እኔማ ትምህርት ጨርሼ ቤት ከዋልኩ ወዲህ፣ ቀኑ ራሱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል።

አባዬን ከእርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ያዙት። አሁን ማቆያ ውስጥ ነው። ዳኛ ፊት ያለ ጠበቃ ከቀረበ ወደ አገሩ ወደ ኦአሃካ ይመልሱታል፣ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወይዘሮ ካራቤድያን የሚባሉ ጎበዝ ጠበቃ አገኘን። ግን አራት ሺህ ዶላር፣ ግማሹ በቅድሚያ! እማዬ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች፣ በቃ።

ታናሽ እህቴ ናዬሊ ደግሞ አስራ አምስት ሊሞላት ነው። እኛ ጋ የልጃገረድ አስራ አምስት ማለት ትልቅ ድግስ ነው፣ አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። እንደ ክርስትና እናትና አባት ወጪውን የሚካፈሉ አሉ፦ የኬኩ እናት አለች፣ የጫማው አባት አለ፣ የሙዚቃው አባት አለ። ሁሉም የራሱን ይከፍላል፣ የራሱንም ይመርጣል።

«ለምን የጠበቃ እናትና አባት አይሆኑም?» አለች ናዬሊ፣ ባቄላዋን እየበላች።

«አብደሻል እንዴ? ድግስሽስ?» አለች እማዬ።

«የመጀመሪያው ጭፈራ ከአባት ጋር አይደል? አባዬ ከሌለ ከማን ጋር ልጨፍር? ከፍሪጁ ጋር?»

እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች።

ሁሉም እሺ አሉ። እናትና አባት የሆነ ሰው በዕለቱ ካልተገኘ ነውር ስለሆነ፣ ጠበቃዋ ቢሮ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። የናዬሊ ቀሚስ ቀድሞ ተገዝቶ ነበርና የቀሚሱ እናት «ካልለበሰችው አልመጣም» አለች። አቤት ያ ቀሚስ! ኮሪደሩን ሞልቶት ሲመጣ፣ ሮዝ ደመና ቤት ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

ወይዘሮ ካራቤድያን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወረቀት አቀረቡ። «ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን ፈርሙ። የሚከፍል ሰው በጉዳዩ ላይ አያዝዝም። ደንበኛዬ አባትየው ነው። የሚነግረኝንም ለማንም አልናገርም።»

የኬኩ እናት ዶኛ ኤውፍራሲያ፣ ከሁሉ የበለጠውን ገንዘብ የያዙት፣ ፖስታቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

«እኔ እኮ ኬክ ስገዛ ክሬሙን ቀምሼ ነው! እሱ ምን እንዳለ ሳልሰማ ነው የምከፍለው?»

«ኤውፍራሲያ፣» አሉ የጫማው አባት ዶን ቻኖ፣ «አንቺ ከሰማሽማ ዳኛው ወሬውን ከገበያ ነው የሚሰማው!»

ሁሉም ሳቀ። ፖስታው ግን ከቦርሳው አልወጣም። እማዬን አየኋት፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ያለዚያ ፖስታ ግማሹ አይሞላም።

ናዬሊ ቀሚሷን ሰብስባ ዶኛ ኤውፍራሲያ እግር ስር ቁጭ አለች፣ ሮዙ ዙሪያዋን ተዘረጋ።

«ለእኔም እኮ አይነግሩኝም፣ ዶኛ» አለች ቀስ ብላ። «ልጁ ሆኜ። አብረን ሳንሰማ እንጠብቅ፣ እሺ?»

ዶኛ ኤውፍራሲያ የቀሚሱን ጫፍ ከእግራቸው ስር አነሱላት።

«ምላሷን አያችሁ?» አሉ። «እስክሪብቶ አምጡ።» ፈረሙ፣ ፖስታውንም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ጠበቃዋን ትክ ብለው እያዩ፣ «መልእክት ከሱ ወደ እኛ ካልመጣ፣ ከእኛ ወደ እሱስ ይሄዳል?»

«እሱ ይቻላል» አሉ ወይዘሮ ካራቤድያን። «ነገ ጠዋት አየዋለሁ።»

አቤት የመልእክቱ ወረፋ! ዶን ቻኖ «ውሻህን እየቀለብኩልህ ነው በሉልኝ» አሉ። ዶኛ ኤውፍራሲያ «ብላ በሉት፣ ሲከፋው አይበላም» አሉ። እማዬ ጠበቃዋ ጆሮ ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከች፣ እኔ አልሰማሁም።

«አንቺስ?» አሏት ወይዘሮ ካራቤድያን ናዬሊን።

እህቴ ተነሳች። ወንበሮቹን ገፋ ገፋ አደረገችና ዞረች፣ አንዴ፣ ደግማ፣ ቀሚሱ የጠበቃዋን ወረቀቶች እያራገበ።

«ለአባዬ ያዩትን ይንገሩልኝ» አለች።