ስለ ሰማያዊው ኩሬና ስለ አጸደ ኃይለ መስቀል ፍርሃት

ፍርሃት በሰው ልጅ ኅሊና ውስጥ ካደሩት ባሕርያት ሁሉ እጅግ የተናቀው ቢሆንም፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አጥብቆ ለመረመረ ሰው ሁለት መልክ ያለው ሆኖ ይገኛል፤ አንደኛው የሰውን ዐይንና የሰውን አፍ የሚሰጋ፣ ክብሩና እንጀራው እንዳይጓደልበት የሚርበተበት ፍርሃት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣውን ጥፋት አስቀድሞ አይቶ ስለ ራሱም ስለ ባልንጀራውም ነፍስ የሚንቀጠቀጥ ፍርሃት ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ በተገናኙ ጊዜ ፊተኛው የኋለኛውን አፍ ይዞ ዝም ያሰኘዋል፤ ዝምታውም ትሕትናና ትዕግሥት፣ ጥበብና ማስተዋል እየመሰለ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ማለት ነው። በወሎ ምድር፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ለምትኖር አንዲት ሴት ያች ቀን እንዴት እንደ መጣችባት እንነግራችኋለን።

በዚያች ከተማ ግርጌ፣ ከደጋ ወርዶ ወደ ቆላ በሚነጉድ ወንዝ ዳር፣ አቶ ዘለቀ ቢተው የተባሉ ባለጸጋ ከአባታቸው የወረሱት የቆዳ ፋብሪካ ነበረ። ፋብሪካው በአባትየው ዘመን ሽታውን ለነፋስ፣ እድፉን ለወንዝ እየሰጠ ማንም ሳይጠይቀው ሲሠራ ኖረ። ነገር ግን የዓለም መንግሥታት በታላቅ ጉባኤ ተሰብስበው፣ ድህነትና ረኃብ ይወገድ ዘንድ፣ ውሃ ይነጻ ዘንድ፣ ሠራተኛም በክብር ይሠራ ዘንድ፣ ምድርና ባሕርም ከነፍጥረታቸው ይጠበቁ ዘንድ ዐሥራ ሰባት ግቦችን ወስነው ባወጁ ጊዜ፣ የአዋጁ ድምፅ ቀስ በቀስ ከመንግሥታት አደባባይ ወደ ነጋድያን ጓዳ ገባ፤ በባሕር ማዶ ጫማ እያሰፉ የሚሸጡት ገዢዎችም፣ ወንዝ ከሚመርዝና ሠራተኛ ከሚያጐሳቁል ፋብሪካ የወጣ ቆዳ ከእንግዲህ በእጃችን አንነካም ሲሉ ላኩ። አቶ ዘለቀ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቈጡ፣ በመጨረሻም ፈሩ፤ ከፈሩም በኋላ፣ ብልህና ቆራጥ ሰው ነበሩና፣ በኬሚስትሪ ትምህርት የተመረቀችውን ትጉህና ጥንቁቅ ሴት አጸደ ኃይለ መስቀልን ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ አዲስ ባቋቋሙት የዘላቂ ልማት ክፍል ላይ ሾሟት።

አጸደም ሹመቷን ለይስሙላ አልያዘችውም። ቆዳው የሚለፋበትን ክሮም የተባለ መድኃኒት ከሌላው እድፍ ለይታ ዳግመኛ ሥራ ላይ እንዲውል አደረገች፤ በባዶ እጃቸው የቆዳውን ጠጕር በሚያራግፈው ኖራ ውስጥ ሲገቡ ለነበሩት ሠራተኞች ጓንትና ቦቲ አስገዛች፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል እንዲከፈላቸው ከባለቤቱ ጋር ተሟግታ ረታች፤ ለሚያጠቡ እናቶችም የሕፃናት ማቆያ አሠራች። ከዚህ ሁሉ መካከል ሳይነካ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እርሱም የአቶ ዘለቀ አባት በዘመናቸው ከፋብሪካው በስተጀርባ ያስቆፈሩት፣ በአፈር ግድብ የታጠረው የዝቃጭ ኩሬ ነው። ክሮሙን ለመለየት የተተከለው አዲሱ ማጣሪያ የፋብሪካውን እድፍ ሁሉ መዋጥ አልቻለምና የተረፈው ወደዚያ ይፈስ ነበር፤ ውሃውም ከክሮሙ ብዛት ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ ለማያውቀው ሰው የሰማይ ቁራጭ ይመስለው ነበር። ኩሬው በሚቀጥለው ዓመት ይጠረጋል ተብሎ ተወሰነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ፋብሪካው ግቦቹን በመከተሉ ስሙ ስላማረ የገዢዎች ትእዛዝ በዛ፤ ትእዛዙ ሲበዛ እድፉ በዛ፤ እድፉ ሲበዛም ኩሬው ከመጠረግ ይልቅ ሞላ። ባለፈው ዓመት ከገዢዎቹ ዘንድ የመጡ እንግዶች ለአየር ጠባይ ለውጥ መታሰቢያ ይሁን ብለው በግድቡ ጫፍ ላይ የግራቪሊያ ችግኝ በተርታ ተክለውበት ነበር። ከግድቡ በታች፣ በሜዳው ላይ፣ ግራር አምባ የምትባል መንደር ነበረች።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ክረምቱ በረታ። አጸደ እንደ ልማዷ ማለዳ በግድቡ ሥር ስትዘዋወር በአንድ ስፍራ ሣሩ ከሌላው ይልቅ ለምልሞ፣ መሬቱም እንደ ሊጥ ላልቶ አገኘችው፤ ጫማዋን ስትነቅል የረገጠችበት ጉድጓድ ቀስ ብሎ ውሃ ቋጠረ። እርጥበት ነው ብላ ልቧን አጽናናች። ሌላ ቀን ስትመለስ ግን ከዚያው ስፍራ ጣት የምታህል ውሃ ስትንቆረቆር አየች፤ ዝቅ ብላ በመዳፏ ብትቀበላት ሰማያዊ ነበረች። በዚያን ጊዜ ቀና ብላ ግድቡን ስትመለከተው ያ ሁሉ የአፈር ክምር ወደ እርስዋ ያዘነበለ መሰላትና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ግድብ በእጅ የሚያዝ ይመስል። እርጥቡን መዳፏን ሳትጠርግ ወደ አቶ ዘለቀ ቢሮ ወጣች።

ያየችውን ሁሉ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ፋብሪካው ሥራ እንዲያቆም፣ መንደሪቱም እንድትነሣ ለመነቻቸው። እርሳቸውም መዳፏን አዩ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ዝግ ባለ ድምፅም ተናገሩ።

«አጸደ ልጄ፣ ያን ግድብ አባቴ ነው ያሠራው፤ ስንቱን ክረምት ችሏል። ከገዢዎቹ የተላኩት እንግዶች በዚህ ሳምንት ይመጣሉ፤ እስኪሄዱ ብቻ እንታገሥ። የምስክር ወረቀቱን ሳይፈርሙልን ከተመለሱ ይኼ ሁሉ ሠራተኛ ልጆቹን ምን ያበላል? እነሱ በወጡ ማግሥት እኔ ራሴ አካፋ ይዤ እገባበታለሁ።»

ቃላቸው የውሸት አልነበረም፤ ክፋቱም በዚያ ነበረ፤ ሐሰት ቢሆንማ አጸደ ትከራከረው ነበር። ከቢሮው ወጥታ ለመንደሩ ሰዎች ልትነግር በቁልቁለቱ መንገድ ጀመረች፤ እስከ እኩሌታው ከወረደች በኋላ ግን ወሬው ከገዢዎቹ ጆሮ ቢደርስ፣ ፋብሪካው ቢዘጋ፣ በስሟ የሚረግሟት ሠራተኞች ፊት በየተራ ታያትና ቆመች፤ ከቆመችበትም ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም ምግብም አልተስማማትም፤ ዝናብ ቆርቆሮ በመታ ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች፤ ሰው ሲያናግራት ከንፈሩን እያየች ጆሮዋ ግን ከግድቡ በኩል የሚመጣ ድምፅ ያዳምጣል።

እንግዶቹ የመጡበት ቀን በደጋው ላይ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ተራራው በዝናብ መጋረጃ ተሸፍኖ ዋለ። የልዑካኑ አለቃ ኢንግሪድ የተባለች፣ ቁመተ ረዥምና ንግግረ ቁጥብ ሴት ነበረች፤ በአስተርጓሚ እየጠየቀች ማቆያውንም ማጣሪያውንም ዞራ ካየች በኋላ ሁሉም በአዳራሹ ተቀመጡ። በግድግዳው ላይ ዐሥራ ሰባቱ ግቦች በየቀለማቸው ተስለው ነበር፤ አጸደም በፊታቸው ቆማ ፋብሪካው እያንዳንዱን እንዴት እንደ ፈጸመ በተራ ታስረዳ ጀመር። ስለ ሴቶች እኩልነት ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ስለ ንጹሕ ውሃ ወደሚናገረው ወደ ስድስተኛው ግብ በደረሰች ጊዜ ግን ዐይኗ ሳታዝዘው በመስኮቱ አልፎ ወደ ግድቡ ሄደ። በግድቡ ጫፍ ላይ በተርታ ቆመው የነበሩት የግራቪሊያ ችግኞች፣ ነፋስ ሳይኖር፣ መካከለኞቹ ብቻ ወደ መንደሩ በኩል አዘንብለዋል።

ንግግሯ ከአፏ ላይ ቀረ። እንግዶቹ ውሃ ይሰጣት ብለው ተንሾካሾኩ፤ አቶ ዘለቀ የእርስዋን ዐይን ተከትለው በመስኮቱ ተመለከቱና ከወንበራቸው ብድግ ብለው መልሰው ተቀመጡ። አጸደም ለማንም ሳይሆን ለአዳራሹ ሁሉ፣ «ያ ግድብ እየሄደ ነው፤ ከሥሩ ሰው አለ» አለች። አስተርጓሚው ተርጉሞ ሳይጨርስ በር ከፍታ ወጣች፤ በቁልቁለቱም፣ ያን ቀን እኩሌታው ላይ ቆማ በተመለሰችበት መንገድ፣ ጭቃ እየጣላት እየተነሣች ሮጠች። በስተኋላዋ የፋብሪካው ሳይረን ሲጮኽ ሰማች፤ አቶ ዘለቀ አስጮኹት ወይስ ሌላ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ልታውቅ አልቻለችም።

የግራር አምባ ሽማግሌ ሼህ ኑርዬ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ተመልሰው ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ዝናቡን ሲመለከቱ አገኘቻቸው። ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ፣ ግድቡ ሊፈርስ ነውና ሕዝቡን ይዘው ወደ ኮረብታው እንዲወጡ ለመነቻቸው። ሽማግሌውም ከስፍራቸው ሳይነቃነቁ መለሱላት።

«ከብቶቻችን ሲሞቱ ውሃው ደኅና ነው አላችሁን፤ ያንንም የነገረን እንዳንቺ የተማረ ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ውጡ ትላላችሁ። ወጥተን ስንመለስ መሬታችን ታጥሮ ብናገኘው ለማን አቤት እንላለን?»

«እውነትዎን ነው አባባ። እኔም ግድቡ መላላቱን ካወቅሁ ሰነበትሁ፤ ልነግራችሁ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስሁ። ፈርቼ ነው። አሁን ግን እናንተ ካልወጣችሁ እኔም ከዚህ አልነሣም» አለችና ከደጃፋቸው ላይ በጭቃው ተቀመጠች። ጥርሶቿ ይንቀጫቀጩ ነበር፤ ጉልበቶቿንም በሁለት እጇ ብትይዛቸው አልያዝ አሏት።

ሼህ ኑርዬ ጉልበቶቿን አይተው፣ «ቃልሽን አላምነውም፤ ይኼን መንቀጥቀጥሽን ግን አምነዋለሁ» አሉ። ተነሥተውም ወደ መስጊዱ ሄዱ፤ የሶላት ጊዜ ባልሆነበት ሰዓት ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው በመንደሩ ላይ ሲያስተጋባ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጎበዞች ከብቶቻቸውን እየነዱ ከየቤቱ ወጡ። በዚህ መካከል የፋብሪካው መኪናዎች ደረሱ፤ ከፊተኛው የወረዱት አቶ ዘለቀ ነበሩ፤ አንድ ጫማቸው በጭቃ ተውጦ ቀርቶባቸው፣ ዐልጋ የያዙ አንዲት አሮጊት በቃሬዛ ላይ ሆነው ሲወጡ አንዱን ጫፍ በትከሻቸው ተሸከሙ። 

በኮረብታው ላይ ሕዝቡ ሁሉ በዝናብ ውስጥ ቆሞ ይጠባበቅ ጀመር፤ ግድቡ ግን አልፈረሰም። ጊዜው ረዘመ፤ ሕፃናት በብርድ አለቀሱ፤ ጥቂት ጎበዞች የተማረች ሴት አሞኘችን እያሉ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ተነሡ፤ ሼህ ኑርዬም በዘንጋቸው አገዷቸው። በዚያች ሰዓት በአጸደ ልብ ውስጥ ከሁሉ የከፋ ፍርሃት ገባ፤ ግድቡ ቆሞ ቢቀርና ውሸታም ብባልስ የሚል ሐሳብ እንደ እባብ ሾልኮ ገብቶ፣ እንዲፈርስ ስትመኝ ራስዋን አገኘቻት። ከግድቡ ይልቅ ያ ምኞት አስደነገጣት፤ ፊቷንም በነጠላዋ ሸፈነች። እንደ ተሸፈነችም ከታች አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ከዚያም ምድር ስታቃስት ተሰማ። ነጠላዋን ስትገልጥ የግድቡ መካከል አልነበረም፤ ሰማያዊ ግራጫ ጭቃ በቀስታ፣ እንደማይቸኩል አውሬ፣ ችግኞቹን ተሸክሞ በማሽላው ላይ ወረደ፤ የሼህ ኑርዬን ደጃፍ፣ የመንደሩን ጉድጓድ፣ የመስጊዱንም ቅጥር ግቢ ዋጠ። እናቶች የልጆቻቸውን ራስ በእጃቸው እየዳሰሱ ይቆጥሩ ነበር። ሰው አልጎደለም።

ኢንግሪድ ከኮረብታው ላይ ጠጕሯ በዝናብ ረጥቦ ሁሉንም አየች። ስትሄድም ለአጸደ በአስተርጓሚ፣ በየአገሩ ፋብሪካ ሲያሳዩኝ ኖሬአለሁ፣ የሚያስፈራውን የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም አለቻት፤ የምስክር ወረቀቱን ግን አልፈረመችም፤ አጸደም ይገባናል ብላ አልጠየቀችም። ፋብሪካው ከዓመት በላይ ተዘጋ፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎች ሌላ አገር ሥራ ፍለጋ ተበተኑ፤ በገበያ መካከል ሰላምታዋን ሳይመልሱ የሚያልፏትም ነበሩ። አቶ ዘለቀ ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው ዝቃጩን አስጠረጉ፤ ለመንደሪቱም ከወንዙ በላይ ካለ ምንጭ ንጹሕ ውሃ አስገቡላት፤ ፋብሪካውንም ሲከፍቱት ማጣሪያው ከሚውጠው በላይ አንዲት ቆዳ እንዳይነከር ወስነው፣ ቆዳ የሚለፋባቸውን ታላላቅ የእንጨት በርሜሎች እኩሌታ አስነቀሉ። ከገዢዎቹ ጥቂቶቹ ተመለሱ፤ ሌሎቹ ቀሩ። የሼህ ኑርዬ ማሳ ግን ከዚያ ወዲህ ማሽላ አብቅሎ አያውቅም፤ ሽማግሌውም አጸደን ባገኟት ጊዜ በአክብሮት ይቀበሏታል፤ ይቅር ብዬሻለሁ ግን ብለዋት አያውቁም።

ዛሬ ከሌሎች ፋብሪካዎች የተላኩ ሰዎች፣ አንድ የንግድ ድርጅት ሥራውን ከዓለም ግቦች ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ሊማሩ ወደ እርስዋ ሲመጡ፣ አጸደ በቀለም ያጌጠውን አዳራሽ አታሳያቸውም። ወደዚያ ወደማያበቅለው ማሳ ታወርዳቸዋለች፤ ስታስረዳም ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ደመና በደጋው ላይ ሲጠቁር ካየችም ንግግሯን አቋርጣ ዐይኗን ግድቡ ወደ ነበረበት ስፍራ ታዞራለች። ለመናገር የምትፈሩት ነገር በቤታችሁ ውስጥ የቱ ነው ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ መሬት መሬት ያያሉ። በጊዜው የተነገረ ፍርሃት ሁሉን ያድናል፤ ዘግይቶ የተነገረ ነፍስን አትርፎ ምድርን ያስከፍላል፤ ሳይነገር የቀረ ፍርሃት ግን ለባለቤቱም ለባልንጀራውም መቃብር ሲቆፍር ይኖራል።