ከርጭቱ የተረፉት

የሺወርቅ ጠርሙሱን አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ውስጡ ያሉት መዥገሮች አሁንም ይንቀሳቀሳሉ።

ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ ሰልማን፣ የመዥገር በሽታ ጥሏት የተኛችውን ላሟን ቡሬን መርፌ ወግቶ ሲያበቃ፣ ከጆሮዋና ከጡቷ ሥር አሥር መዥገር ነቅሎ ነበር። በሙሉ ልኩ በተበጠበጠ የመዥገር መድኃኒት ነክሮ ጠርሙስ ውስጥ ከተታቸውና አፉን በስስ ጨርቅ አሰረው። «ከሰዓት እመለሳለሁ፤ እንዳይከፍቱት» ብሏት ሄደ። እስካሁን ሁሉም ማለቅ ነበረባቸው። የሞቱት ሦስት ብቻ ናቸው።

ወደ በረቱ ሮጠች። ቡሬ ከትናንት ጀምሮ ድርቆሽ አልቀመሰችም፤ ሽንቷ ቡና መስሏል። የሺወርቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚህች ላም ወተት ነው። የላሟን ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ስትሰማ አጠገቧ ተንበርክካ ግንባሯን ዳበሰቻት።

ሰልማን ሲመለስ ጠርሙሱን አገላብጦ አየ።

«እትዬ የሺ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለአንድ መርጫ ውሃ ስንት ክዳን መድኃኒት ነው የሚጨምሩት?»

«ሁለት።»

ሰልማን ጠርሙሱን ወደ ፊቷ አስጠጋው።

«አንድ» አለች። «እንዲበረክት ብዬ ነው።»

የሰፈሩ አራት ቤት መድኃኒቱን በጋራ ይገዛል፤ እሷ ዘንድ ያስቀምጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከብቶቹን እሷ ግቢ እያመጣ ያስረጫል። ሁለት ዓመት ሙሉ «የየሺ እጅ በረከት አለው» ሲባል ነው የኖረው። በረከቱ ውሃ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«እና መድኃኒቱን ለመዱት በለኛ!»

«አልለመዱም፤ መዥገር ትምህርት ቤት አይገባ! ከመጀመሪያውም ጥቂቶቹ መድኃኒቱን በመጠኑ የሚችሉ ሆነው ይወለዳሉ። በሁለት ክዳን እነሱም አብረው ይሞቱ ነበር። በአንድ ክዳን ደካሞቹ ብቻ አለቁ፤ የቻሉት እርስ በርስ ተዋለዱ፤ ልጆቻቸውም እነሱን መሰሉ። ከነዚያም የባሰው ተረፈ፣ እሱም ወለደ። እርስዎ በደንብ ከምትታለበው ላም ጥጃ አይደል የሚያስቀሩት? ይኼም ያው ነው። ሳያውቁት ለዘር ሲመርጧቸው ከረሙ።»

የሺወርቅ ወደ ጠርሙሱ ዞረች። እነዚያን ነገሮች ያረባቻቸው በገዛ እጇ ነው።

«የጎረቤቶቼ ከብቶችስ?»

«ግጦሹ አንድ አይደል? እነሱም ላይ አሉ። ሌላ ዓይነት መድኃኒት አመጣላችኋለሁ። ግን አንድ ሰው እንኳ ካቀጠነው ከዚያም የሚተርፉ ይወለዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደማዝላችሁ እንጃ። ጎረቤቶችዎ ማቅጠን ለምን እንደሚጎዳ ካልገባቸው ደግሞ ያቀጥኑታል።»

«ቡሬስ?»

«እስከ ነገ ጠዋት እንያት» አለና አይኗን ሳያይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ቅዳሜ መሆኑን ረስታው ነበር። ጎረቤቷ ኦቦ ደበላ ነበሩ፤ አራት ላሞቻቸው ከኋላቸው ተኮልኩለዋል።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ የሺ! ዛሬ የኔን አስቀድሚልኝ፤ ትልቋን ላም መዥገር ወሯታል። ምን ጉድ ነው ዘንድሮ?»

መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ብትል ያምኗታል። ሰፈሩ ሁሉ ሻጩን ረግሞ ለእሷ ያዝንላታል፤ አዲሱንም መድኃኒት አምጥቶ እሷው ጋ ያስቀምጣል። ትልቋን ላም አየቻት፤ አንገቷ ሥር መዥገሩ ባቄላ አክሎ ተደርድሯል።

ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«አላስገባቸውም፣ ኦቦ ደበላ። ሌሎቹንም ይጥሩልኝ፤ የምነግራችሁ አለ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ይጥሩልኝ ብያለሁ።»

ሽማግሌው ግራ እየተጋቡ ፊታቸውን አዞሩ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ የሺወርቅ ተከትላ እጅጌያቸውን ያዘች፤ ሌሎቹ እስኪሰበሰቡ ከጠበቀች እንደምትዋሽ ገብቷታል።

«መድኃኒቱን ያቀጠንኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።