ዓፊያ አለፈች

"ዓፊያ አለፈች! የእኛዋ ልጅ ዓፊያ አለፈች!"

ወንድምአገኝ የባጃጁን መሪ በአንድ እጁ፣ ማይኩን በሌላው ይዞ ከአሶሳ ወጣ። ጣሪያው ላይ የታሰረው ሞንታርቦ ሲከፈት የመንገድ ዳር ማንጎ ያልበሰለ ፍሬውን ያራግፋል፤ ኩርሙክ ያለ ዘበኛ ከእንቅልፉ ይባንናል፤ ከድንበር ማዶ ያሉ የሱዳን ግመሎች እንኳ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ነገሩ የተጀመረው ቴዎ ቁርስ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በአፍሪካ ጨዋታዎች ከጠዋት ጀምሮ ዋናተኞቹም ቦክሰኞቹም ተሸንፈውበት ከተማው በሙሉ አኩርፎ ነበር። በመጨረሻ የሺህ አምስት መቶ ሜትር ማጣሪያ ደረሰ። አረንጓዴ ማልያ ለብሳ መስመሩ ላይ የቆመችው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው መንደር የምትኖረው የዐርዋ ልጅ ዓፊያ ናት። ቤቱ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁለት ስታዲየም ይሞላ ነበር። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ዓፊያ ሦስተኛ ናት። ለፍጻሜ የሚያልፉት አራት ናቸው። መብራት ጠፋ።

የቁርስ ቤቱ ባለቤት ቴዎ፣ መብራቱ እስኪመጣ ታገሥ ብሎት ነበር። ወንድምአገኝ ግን ሦስተኛ ሆና ደወል የሰማች ልጅ የት ትሄዳለች ብሎ ተነሳ። ዓፊያን ዳገት ለዳገት አስሩጬ ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ለነገሩ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ትምህርት ቤት በባጃጅ አድርሷታል። ዜናውን ለእናቷ ለዐርዋ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግርበት ለእሱ ሞት ነው።

እንጀራው ልፈፋ ነው። ከደጋ መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ዕድር ከጡሩንባ ወደ ሞንታርቦ ከዞረ ወዲህ በየአምባው እየዞረ "የእገሌ እናት ዛሬ አለፉ" የሚለው እሱ ነው። የዐርዋ መንደር በርታዎች የዕድሩ አባል ባይሆኑም ሞንታርቦው ሲመጣ ሥራ ያቆማሉ፤ ጎረቤት እንዲቀብሩ ይጠራቸዋልና። ከእሱ አፍ የሰሙት አማርኛ ያው የለቅሶ አማርኛ ብቻ ነው። ይህን አላሰበውም።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሴቶች ጀሪካናቸውን ጥለው ሲሮጡ ባየ ጊዜ ደስታ መሰለው። ጩኸቱን እልልታ ነው ብሎ ድምፁን ጨመረበት።

"በሰው አገር፣ ባንዲራዋን ለብሳ አለፈች!"

ዐርዋ ደጃፍ ሲደርስ ሴትየዋ መሬት ላይ ተዘርግታ ፊቷን በአፈር ታሻለች። የበኩር ልጇ አይመን ወደ ባጃጁ ጎንበስ አለና ዝግ ብሎ፣ "ሬሳው መቼ ይመጣል?" አለው።

ማይኩ ከወንድምአገኝ እጅ ወደቀ። ወርዶ ተንበረከከ፤ አልሞተችም፣ ሩጫውን ነው ያለፈችው፣ ለፍጻሜ ነው እያለ ተንተባተበ። አይመን በበርታ ቋንቋ ተረጎመላት። ዐርዋ ቀና አለች።

"ሞተ የለም?"

"የለም፣ እህቴ። ሩጫውን ነው ያለፈችው። አሸንፋ።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ" አለ፣ አንገቱ ላይ ማተብ እንዳለ ረስቶ።

ዐርዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም ፍየል ለሰደቃ እንዲታረድ አዘዘች። ቢላዋ ሲሳል የወንድምአገኝ ስልክ ጮኸ። ቴዎ ነው።

"መብራቱ መጣ። ወንዴ፣ እንዳትለፍፍ። መታጠፊያው ላይ ተጠልፋ ወድቃለች። ተነስታ እያነከሰች ጨረሰች፤ ከሁሉም መጨረሻ።"

ወንድምአገኝ ስልኩን ዘጋ። ዝም ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር። ግን ልጅቱ ስትደውል እናቷ እልል ልትልባት ነው። ሮጣ፣ ወድቃ፣ አልቅሳ ለምትደውል ልጅ። ወደ እናትየዋ ዞረ።

"እህቴ ዐርዋ፣ አላለፈችም" አለ። "ወደቀች።"

ቢላዋ የሚስለው ሰው ቀጥ አለ።

"ወደቀ፣ ሞተ ነው?"

"አይደለም። እግሯ ተጠልፎ መሬት ወደቀች። ተነሳች፣ ጨረሰች። ደኅና ናት። አላሸነፈችም እንጂ ደኅና ናት። ሳላይ ነው የነገርኩሽ።"

ዐርዋ ዓይኑን ትክ ብላ አየችው።

"አንተ መጀመሪያ ገደለ። ከዚያ ወላሂ አለ፣ አሸነፈ። አሁን ወደቀ። የእኔ ዓፊያ የትኛው ነው?"

አይመን ለዓፊያ በኢሞ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ሰሌን አነጠፉና ዐርዋን ከብበው ተቀመጡ። ፍየሏ እንደታሰረች ቀረች፤ ለሰደቃ ትሁን ለለቅሶ የሚያውቅ የለም።

የወንድምአገኝ ስልክ እንደገና ጮኸ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከተማ ሰው ሞቷል፣ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ በቶሎ ና ይላሉ። ሰው የማይነቅፈው መሄጃ ነው። ዐርዋም ሂድም ቅርም አላለችው፤ ዓይኗ ከአይመን እጅ አልተነቀለም።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ይለፍፍልዎት" ብሎ ዘጋ።

የባጃጁን ሞተር አጠፋ፤ ጫማውን አወለቀና ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አይመን እንደገና ደወለ።