ዳገቴ የመረጡት ተሳቢ

"ፍሬን! አባዬ፣ ፍሬኑን ያዝ!"

ልጃቸው ከዳር ቆማ ስትጮህ ዳገቴ ፍሬኑን ረግጠው ይዘውት ነበር። ችግሩ ፍሬኑ አልነበረም። ጎማዎቹ አይዞሩም፤ መኪናዋ ግን ትንሸራተታለች። ከሐይቁ ሊወጣ የተጫነውን ጀልባ የተሸከመው ባለ አራት ጎማ ቀይ ተሳቢ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው የሲሚንቶ ቁልቁለት ላይ ትንሿን የቤት መኪና ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይስባታል። ውሃው የጭስ ማውጫውን ነካና ቡልቅ ቡልቅ አለ።

"ይውረዱ አባባ! እኔ ታኮ ላድርግበት!" አማቻቸው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ድንጋይ ታቅፏል።

"ዞር በል ከዚያ! ይደፈጥጥሃል!" አሉ ዳገቴ በመስኮት። አንደኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጁን ረገጡት። ሞተሩ ጮኸ፤ የፊት ጎማዎቹ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በባዶው ተሽከረከሩ፤ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሽታ ከሥር ተነሥቶ ጉሮሯቸውን ያዘው። መኪናዋ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ወረደች። ያኔ አማቻቸው ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወተፈው። ቆመች።

ጸጥ ሲል የሰዉ ድምፅ ተሰማ። ጀልባቸውን ለማውጣት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ዳር ዳሩን ተኮልኩለው ነበር። አንዱ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይቀርጻል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ለጓደኛዋ፣ "ውይ፣ ምስኪን ሽማግሌ! ምነው ልጆቹ መሪ ባያስይዟቸው!" አለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር።

ዳገቴ ሰሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነድተዋል። የትኛውም ዳገት አልመለሳቸውም ብለው የሥራ ጓደኞቻቸው ዳገቴ የሚል ስም አወጡላቸው፤ ከራሳቸው ስም በልጦ ሠፈሩ ሁሉ በእሱ ነው የሚጠራቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሚወጡት ዳገት የፎቁን ደረጃ ብቻ ነበር። አሁን፣ ሕፃናት በፕላስቲክ ባልዲ አሸዋ በሚዝቁበት የመዝናኛ ዳርቻ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድ ቁልቁለት አቃታቸው።

ያወጣቸው የአማቻቸው ታላቅ ወንድም ነው። ሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ ቤተሰቡን በትልቅ ፒካፑ ጭኖ አብሯቸው መጥቷል። ከላይ ገመድ ወረወረ፤ ፒካፑ አንዴ አጓራ፤ መኪናው፣ ተሳቢው፣ ጀልባው ተያይዘው ወጡ። ተመልካቹ አጨበጨበ።

ተቋራጩ ከፒካፑ ወርዶ ቀዩን ተሳቢ በጫማው ነካ ነካ አደረገው።

"ኸረ ይሄ ብረት የፎቅ መሠረት ይወጣዋል! ለዚች የአሻንጉሊት መኪና ይሄን የመረጠው የትኛው አዋቂ ነው?"

ዳገቴ የመኪናውን በር እንደያዙ ቀሩ። አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት።

"እኔ ነኝ" አለ አማቻቸው። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይፈታል።

"ድሮም! አንተ እዚያው መድኃኒት ቤትህ ክኒንህን ቁጠር፤ ብረት ለብረት ሰዎች ተው!" ተቋራጩ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎችም ሳቁ። አማቻቸው ፈገግ ብሎ ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ።

ዳገቴም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከንፈራቸው እንቢ አላቸው።

እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ተሳቢ ሊገዙ ሲሄዱ ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች አብራቸው አልሄደችም። አማቻቸው ዝግጅቱን ጨርሶ ነበር የሄደው። የጀልባውን ክብደት፣ የሞተሩን፣ የቤንዚኑን፣ የመዋኛ ጃኬቶቹን ሳይቀር ደምሮ፣ በዚያ ላይ የተሳቢውን የራሱን ክብደት ጨምሮ፣ መኪናዋ መጎተት ከምትችለው ጋር አስተያይቶት ነበር። የመረጠው ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ዝገት የማይነካው ግራጫ ተሳቢ ነበር።

"ዝቅ ማለቱ ነው ጥቅሙ፣ አባባ" ብሎ ነበር። "ጀልባው ቶሎ ይንሳፈፋል። የመኪናው ጎማ ውሃው ድረስ መውረድ የለበትም።"

ዳገቴ ተሳቢውን ዞረው አዩት። ማንም "ምን ይላሉ?" አላላቸውም። ልጃቸው "አባዬ፣ ያላንተ ማን ያውቃል? አብረህ ሂድለት" ብላ ነበር የላከቻቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ እሳቸው ለወጉ ያህል የተጠሩ መሰላቸው። ያ አንገበገባቸው።

"ይሄ ተሳቢ ነው? ይሄ የፌንጣ ጋሪ ነው!" አሉ። ከዚያ ጥግ የቆመውን ቀዩን መቱት፤ ወፍራም ብረት ነው፤ ድምፁ ደስ ይላል። "ተሳቢ ማለት ይሄ ነው። ሸክም ያለ ጎማ አይቆምም። እኔ ሲሚንቶ ጭኜ በገደል አፋፍ ስሄድ አንተ ገና ዳዴ አልጀመርክም!"

"ለመኪናችን ግን ትንሽ ይከብዳል፣ አባባ…"

"መኪና ሾፌሩን ያውቃል!"

ሻጩ፣ ጺማሙ ጎልማሳ፣ አንዴ ሽማግሌውን አንዴ ወጣቱን አየ። አማቻቸው እጁን ከግራጫው ላይ አነሣና "እሺ፣ እንዳሉ ይሁን" አለ። ሲመለሱ ዳገቴ መንገዱን ሙሉ ስለ ድሮ መኪናዎች ሲያወሩ፣ ስለ ተሳቢዎቻቸው ሲያወሩ፣ አማቻቸው "አዎ አባባ"፣ "እንዴ!" እያለ ሲያዳምጥ ደረሱ። ያን ቀን ዳገቴ ልጅነታቸው የተመለሰ መስሏቸው ነበር።

ከሐይቁ ሲመለሱ ፒካፑ ጀልባውን ከነተሳቢው ጎትቶ ከፊት ሄደ። አማቻቸው ትንሿን መኪና በቀረላት ፍሪሲዮን እያባበለ ይነዳል። ልጃቸው ከጎኑ ናት። ዳገቴ ከኋላ፣ እርጥብ ፎጣዎች መካከል ተቀምጠዋል። ሽታው አልወጣም።

"አንተ ሰውዬ ግን ምን ነካህ?" አለች ልጃቸው ለባልዋ። "አባዬን ይዘኸው ሄደህ ነበር እኮ! ምናለ ብታማክረው? አንድ ቃል ብትጠይቀው ምን ይጎልብሃል?"

አማቻቸው ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። "ልክ ነሽ። ነበረብኝ።"

"ሰው ሁሉ እየሳቀበት! መኪናውን ይዞ የተጋለጠው እሱ! ነዳጅ የረገጠው እሱ፣ ስሙ የጠፋው እሱ!"

"ተይው ልጄ" አሉ ዳገቴ። ሊናገሩ ነበር የጀመሩት። የቀረው ግን አልወጣም።

ልጃቸው ወደ ባልዋ ዞረች። "ሰማህ? አሁንም ላንተ ይከራከርልሃል።"

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይሄ ነው። ሐይቁ ዳር ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አሁን ሁለት ያስፈልጋል፤ ነገ ሦስት። ዳገቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጡ። በመኪናው የውስጥ መስታወት ውስጥ የአማቻቸው ዓይን አንዴ ከዓይናቸው ተጋጨ። ልጁ ቶሎ ዓይኑን አነሣ። ሊያሳፍራቸው አልፈለገም። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ እንደ ሰው አኩርፎ በሩን ቢያጋጭ ይሻላቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተሳቢው ጀልባውን እንደጫነ፣ ሊለወጥ ወደ ሻጩ የሚወሰድ ሆነ። ትንሿ መኪና ጋራዥ ስለገባች የሚጎትተው የተቋራጩ ፒካፕ ነው። ዳገቴን ማንም አልጠራቸውም። ሆኖም ወንድማማቾቹ ፒካፑን አስነሥተው ሲወጡ፣ ዳገቴን ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኟቸው።

"አባባ፣ ለምን ይደክማሉ?" አለ አማቻቸው።

"አልደክምም" አሉና ከኋላ ገቡ።

መሸጫው ግቢ ውስጥ ጺማሙ ሻጭ ተሳቢውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ጎማዎቹን አየ፣ ጀልባው ያረፈባቸውን እንጨቶች ዳሰሰ። አንደኛው ተሰንጥቋል።

ተቋራጩ ወንድሙን ትከሻውን መታ አድርጎ ሻጩን አየ። "የኔ ጌታ፣ ለዚህ ፋርማሲስት ሲሸጡለት ማስታወሻ ይስጡት፤ 'ከምግብ በኋላ የሚወሰድ፣ ከአቅም በላይ የማይጎተት' ብለው ይጻፉበት!"

ሻጩ ሳቀ። ከዚያ በቅንነት፣ ምንም ተንኮል ሳይኖርበት፣ ወደ ዳገቴ ዞረ። "እሱ እንኳ ግራጫውን ነበር የያዘው። ቀዩን የመረጡት እርስዎ አልነበሩም እንዴ፣ አባባ?"

የተቋራጩ እጅ ከወንድሙ ትከሻ ላይ ሳይነሣ ቀረ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ጠፋ። ወንድሙን አየ፤ ከዚያ ሽማግሌውን አየ።

የዳገቴ ጆሮ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው አመስግነው በገቡ ነበር። ስለ ተሳቢው አልነበረም። ተሳቢ ማንም ይሳሳታል። ያ ሁሉ ሰው አማቻቸው ላይ ሲስቅ፣ ሚስቱ ስትወርድበት፣ ልጁ ሸክማቸውን ተሸክሞ ሲሄድ፣ እሳቸው ቆመው ያዩበት ያ ዝምታ ነው አሁን ግቢው መሐል እርቃኑን የቆመው።

"ተመካክረን ነው" አለ አማቻቸው ፈጠን ብሎ። "እኔም ተስማምቼ ነበር። ሁለታችንም ነን።"

ዳገቴ ቀና አሉ።

"አልተማከርንም" አሉ። ድምፃቸው ሰለለ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት። "አልተማከርንም። ነገረኝ፣ አልሰማሁትም። ዘለፍኩት። ሐይቁ ዳርም ስታላግጥበት አፌን ይዤ ቆምኩ።"

ተቋራጩ እጁን ከወንድሙ ትከሻ ላይ አወረደ። "ኸረ አባባ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው…"

"ለጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ጨዋታው ወደኔ ነበር መዞር ያለበት።"

ማንም አልሳቀም። ሻጩ ደረሰኝ የሚፈልግ መስሎ ወደ ቢሮው ገባ።

ግራጫው ተሳቢ ተሽጦ ነበር፤ እሱን የሚመስል፣ ጀልባው የሚያርፍባቸው የሚሽከረከሩ የላስቲክ ድጋፎች ያሉት ሌላ ተገኘ። አማቻቸው ተንበርክኮ ከሥር አየው፣ መብራቱን ሞከረ፣ ማያያዣውን ከፍቶ ዘጋው። ሻጩ ከልማድ ወደ ዳገቴ ሲመለከት እሳቸው አገጫቸውን ወደ አማቻቸው አመለከቱ። ጀልባው ተዛወረ። ሲታሰር ልክ ገባ፤ አፍንጫው ከፊተኛው ማቆሚያ ጋር ገጠመ። ዳገቴ አዩት። የፌንጣ ጋሪ አልመሰላቸውም።

አዲሱ ተሳቢ ከፒካፑ ተያያዘ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ማዞር አይቻልም፤ በሩ ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ተቋራጩ፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ሥራ የጠፋበት ይመስል፣ ቁልፉን ለወንድሙ ወረወረለት። "አንተው አውጣው" አለ።

አማቻቸው ከመግባቱ በፊት ወደ ዳገቴ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባባ፣ እሷ ጋር እንዳለ ይቅር። አባቷ ነዎት። ምንም አልሆንኩም፣ እውነቴን ነው።"

ዳገቴ ወደ ኋላ ዞሩ። ተሳቢውን አዩ፤ በሩን አዩ። በሾፌርነት ዘመናቸው ሁሉ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላ ቆሞ "ና፣ ና" የሚለው ረዳት ነበር፤ አቧራውንም ስድቡንም የሚጠጣ። ስንቱን ረዳት "ዓይንህ የት ሄዷል!" ብለው በሰው ፊት እንዳዋረዱ ቆጥረውት አያውቁም። እሳቸው አንድ ቀንም እዚያ ቆመው አያውቁም።

ኮታቸውን አውልቀው ለተቋራጩ ሰጡት። ተቋራጩ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ክንዱ ላይ አጠፈው።

"ለልጄ ማታ ራሴ እነግራታለሁ" አሉ ዳገቴ። "አሁን ግባና መሪህን ያዝ። ከኋላ እኔ ነኝ።"

"ኸረ አባባ፣ ይሄማ አይሆንም…"

"ግባ አልኩህ።"

አማቻቸው ገባ። ዳገቴ ከተሳቢው ኋላ ዞረው በሩ አጠገብ፣ በጎን መስታወቱ የሚታዩበት ቦታ ቆሙና እጃቸውን አነሡ።

"ና!" አሉ። "ና… ቀስ ብለህ ና…"