ጀርባችንን ያዞርንበት ጠዋት

መንደራችን ሃርትብሩን ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በሠላሳው ዓመት ጦርነት ተቃጥላ ባዶዋን ቀርታ ነበር። ሰዎች የተመለሱት ለምንጩ ብለው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ ወፍጮው ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ባለፈው መኸር ዛፍ ቆራጮች ከጎረቤት መንደር የሚለየንን የድንበር ድንጋይ በትራክተር ነቅለው ሲጥሉት መንደሩ እንቅልፍ አጣ። ድንጋዩ ከምንጩ በላይ እንደነበር እናውቃለን። የጎረቤት መንደር ሰዎች ግን ከምንጩ በታች ነበር፣ ውሃው የኛ ነው አሉ።

በኛ አገር በየመንደሩ ድንበር የሚጠብቁ ሰባት ሰዎች ይመረጣሉ። ድንጋይ ሲተክሉ ከሥሩ ምልክት ይቀብራሉ። ምልክቱን የሚያውቁት የየመንደሩ ሰባቶች ብቻ ናቸው፤ አይጻፍም፣ ለሚስትም አይነገርም። ያንን ድንጋይ ከተከሉት ውስጥ በሕይወት ያሉት አያቴ ሎሬንስ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ካመማቸው ወዲህ እኔን በእናቴ ስም ነው የሚጠሩኝ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጫካው ወጣን። የጎረቤት መንደር ሰባቶች አለቃ ዶተርቫይክ ከሁለቱም መንደር ሰዎች ጋር ቀድሞን ደርሷል።

"ሎሬንስ፣ እሁድ ካርታ ስንጫወት የያዝከውን ካርታ ረስተህ አልነበር? ዛሬ ምን ልታገኝ ነው?"

"አንድ ቀን እንኳ እንድታሸንፍ ብዬ ነው የረሳሁት" አሉት አያቴ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። መሬቱ በጎማ ተገለባብጦ ጭቃ ብቻ ሆኗል። አያቴ ትልቁ ዛፍ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ተቆርጧል አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ። ውሃውን ከማጣታችን ይልቅ በሰው ፊት እንዳያለቅሱ ፈራሁ።

ከዚያ እጃቸውን ከእጄ አወጡ። መሬቱን ትተው ቁልቁል ወደ መንደሩ ዞሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ የወፍጮውን ጭስ ማውጫ እስኪሸፍነው ድረስ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ሄዱ። ከምንጩ በላይ ነበሩ። ከዘራቸውን ተከሉ።

"እዚህ ነው። አሁን ዙሩ።"

ከሰባቱ ውጭ ያለነው ሁሉ፣ ከንቲባው ሳይቀር፣ ጀርባችንን አዞርን። የአካፋው ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ። "ትንሽ ወደ ግራ" አሉ አያቴ። እንደገና ተቆፈረ።

"አዎ፣ እዚህ ነው" አለ ዶተርቫይክ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ውሃችሁን ጠጡት እንግዲህ፣ አንተ ግትር ሽማግሌ" አለ።



ስንወርድ አያቴ ምንጩ ላይ ቆመው ጠጡ።

"ጉንዳ፣ ምሳ ምን አለ?"

ጉንዳ እናቴ ናት። ድንችና የአሳማ ጥብስ አለ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጥፍሮቻቸውን ሥር አንድ በአንድ አጠቡ፤ ከተቆፈረው ምስጢር አንዲት ቅንጣት እንኳ ወደ ቤት እንዳትገባ። እስኪጨርሱ ድረስ ፊቴን ወደ መንደሩ አዙሬ ጠበቅኋቸው።