እሜቴ በባዶ ሆዷ

የልጅ ልጄ ሚጣ የምትሠራበት የባሕር እርባታ ጥናት ማዕከል ለቤታችን ቅርብ ስለሆነ፣ ምሳዋን በምሳ ዕቃ የማደርስላት እኔ ነኝ። ካልተከታተሏት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ትውላለች። ሥራዋ ባሕር ላይ እርሻ ማቀድ ነው፤ ዓሣ የሚያድግበት የመረብ ጎጆ የት ቢታሰር ማዕበል አይበጥሰውም፣ ውኃው የት ይጠራል፣ የት ይቆሽሻል፣ ይህን ሁሉ ካርታ ላይ በቀለም ትለየዋለች። እኔ ግን ካርታውን ባየሁ ቁጥር የምትታየኝ ጀልባ ላይ የቆመችው ሚጣ ናት። ዕቅዱ ከጸደቀ በየቀኑ ባሕር ልትወጣ ነዋ! ውኃ ደግሞ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ያ ሁሉ ዕቅድ የተንጠለጠለው በአንዲት ዓሣ ላይ ነበር። ለእናትነት የደረሰችው እሷ ብቻ ስለሆነች ገንዳ ውስጥ በክብር ተቀምጣለች፤ “እሜቴ” ነው የሚሏት። በዚህ ወቅት እንቁላል ከያዘች ጫጩቶቿ መረቡ ውስጥ ያድጋሉ። ካልያዘች የተጠናው ቦታ ለሌላ አመልካች ይሰጣል፤ የሚጣን ልፋትም ውኃ በላው ማለት ነው። ይህን የሚወስኑት ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ። ሆዷን ቀዶ ማየት መግደል ስለሆነ፣ ከሆስፒታል የአልትራሳውንድ ባለሙያ ተለመነ። ቀልደኛ ጎልማሳ ነው፤ በቅርቡ የእኔን ሐሞት ያየልኝም እሱ ነው።

ያን ጊዜ በባዶ ሆድ ነይ ተብዬ፣ ተራ እስኪደርሰኝ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ ምሳ ይዤ ስሄድ፣ “እሜቴ ለምርመራው ሲባል ከትናንት ጀምሮ አልበላችም” ሲሉ ብሰማ አሳዘነችኝ። ሚጣ እጇን ልትታጠብ ወጣች። እሜቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ አፏን ከፈት፣ ከደን ታደርጋለች። የዓሣ አፍ ሁልጊዜም እንዲያ መሆኑን ማን ነገረኝ? አጠገቤ ካለው ባልዲ አንድ ሁለት ሰርዲን ጣል አደረግሁላት። አዋዋጧ ደስ ሲል! ደገምኩላት። ሠለስኩላትም።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ተንቀሳቃሽ መሣሪያውን ይዞ መጣ። እሜቴን በእርጥብ ሸራ ደግፈው ውኃው ውስጥ ያዙለት። መፈተሻውን ሆዷ ላይ ሲያንሸራትት ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

“ሴትዮዋ ግብዣ ውላ ነው እንዴ የመጣችው?” አለ። “ይኸው አከርካሪ። ይኼም አከርካሪ ነው። እንቁላል ልፈልግ ብል ሰርዲን እየገላመጠኝ ነው።”

“ባዶ ሆዷን ናት እኮ!” አለች ሚጣ። ባልዲውን አየች። ከዚያ እኔን አየች። “እማማ?”

“ትንሽ ናት… ለቅምሻ ያህል።”

“ሆዷ የዓሣ ሱቅ መስሎ!” አለ ባለሙያው።

ሚጣ ግን አልሳቀችም። ወደ ጥግ ሳብ አድርጋኝ በሹክሹክታ፣ “ባሕር እንዳልወጣ ብለሽ ነው? እውነቱን ንገሪኝ” አለችኝ።

አልዋሽም፣ “ምነው ባይሳካ” ብዬ ያላሰብኩበት ቀን የለም። ማሰብና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

“የራባት መስሎኝ ነው፣ ልጄ። ፍርሃቴን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ እንጂ ከዓሣ ጋር አላሴርም።”

ትክ ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ልታለቅስ ነው ስል ሳቋ አመለጣት።

ባለሙያው ለነገ ማታ ከሥራ በኋላ ቀጠረን። “እስከዚያ፣ እማማ፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያኑሩልኝ” አለ።

ረቡዕን ገንዳው አጠገብ ወንበር አስመጥቼ ዋልኩ። የገንዳው ሠራተኛ ባልዲ ይዞ ብቅ ሲል፣ “ወዲያ በል!” አልኩት።

“እንዴ፣ ለሌሎቹ እኮ ነው! ትናንት አብልተው ዛሬ ዘበኛ ሆኑ?”

“አዎ፣ ሆንኩ። በዚያ በኩል ዙር!”

እሜቴ አሁንም አፏን ትከፍትብኛለች። “አትዪኝ፣ እቴ። እኔም ችዬዋለሁ” እላታለሁ። እኔም ምሳ አልወረደልኝም።

ባለሙያው መጣ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ታየ። መፈተሻውን ትንሽ ዘንበል ሲያደርገው፣ አንድ እፍኝ ሰሊጥ የበተኑበት የመሰለ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ብቅ አለ።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ገና ነው” አለ ለእሜቴ፣ “ግን ሞልተሻል!”

ሚጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እጇ እርጥብ ነበር፤ ብርድ ይመታሻል ብዬ በነጠላዬ አደረቅሁላት።

ሐሙስ ሰዎቹ ምስሉንም ካርታውንም አይተው ቦታውን ፈቀዱላት። በሚቀጥለው ሰኞ የመረቡን መልህቅ ልታስጥል ስትሄድ እስከ ጀልባው ሸኘኋት። የመንሳፈፊያ ሰደርያዋ ማሰሪያ ላልቷል።

“ይህን ማን አላላው?”

“ሞቆኝ ነው፣ እማማ።”

“ሞቆኝ ትላለች እንዴ! ነይ ወዲህ።”

ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ባለጀልባው እየሳቀ፣ “ቦታ አለ፣ እማማ፤ ለምን አብረውን አይመጡም?” አለኝ።

“እኔማ መሬቱን እጠብቃለሁ” አልኩት፤ “አንተ ልጄን ጠብቅ።”