የአባትየው ቅጽ

ማርች ሲገባ በእኛ ከተማ ሁለት ነገር ይጀምራል፤ ጭቃና የኮሌጅ ወሬ። ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ወሬው ወላጅ ይይዛል። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ጠዋት ሠላሳ ስምንት ልጅ አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ፤ በመሃል ያለውን ጊዜ ያን ዓመት ስልኬ ላይ ሳፈጥ ነው የጨረስኩት።

ልጄን ቲያን ሦስት ኮሌጆች ተቀብለዋታል። መቀበሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከክፍያው ስንቱን ይተዉልናል፣ ስንቱንስ እኛ ላይ ይጥሉታል የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ለብቻው፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሁለቱ መጥቷል። አንደኛው ትንሽ ሰጥቶ ብዙ ጠየቀ። ሁለተኛው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ አንድ ትልቅ ቁጥር አስቀመጠ፤ እኔም እልል ልል ነበር፣ ቲያ በጣቷ ታች ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ባታሳየኝ። ከቁጥሩ ግማሽ በላይ ብድር ነበር።

በማግሥቱ ለሮንዳ ነገርኳት። ሮንዳ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ናት፤ ሦስት ልጆች በዚህ መንገድ አሳልፋለች።

«ብድሩን ስጦታ ብለው ነው የጠሩት?» አለች ድንች እየላጠች። «አይግረምሽ። ባሌም ሲያገባኝ ራሱን ስጦታ ነው ያለው።»

የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ቬርሞንት ተራራ ላይ ያለው ኮሌጅ። ቲያ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነው። እዚህ ሜይን፣ ባሕር ዳር ተወልዳ ልቧ ድንጋይ ላይ ነው የቀረው፤ የድንጋይን ዕድሜና ዓይነት ልታጠና ነው ሐሳቧ። ያ ኮሌጅ ያለ እርዳታ የማይታሰብ ነው። የእኔ የዓመት ደሞዝ ሁለት ጊዜ ተደምሮ እንኳ የአንድ ዓመቱን ክፍያ አይሸፍንም። እርዳታውን በተመለከተ ግን የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተቀምጣለች፤ «ማመልከቻው አልተሟላም፤ የአባት ቅጽ ይቀራል።»

ከዌንደል ጋር ከተፋታን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ኮሌጁ ግን የእኛ ፍቺ ግድ አይሰጠውም፤ ገቢህን ንገረኝ ብሎ ሁለታችንንም ለየብቻ ይጠይቃል። እኔ የራሴን በጃንዋሪ ሞልቼ ጨርሻለሁ። ዌንደል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስደውል አያነሳም። ስጽፍለት አውራ ጣት ይልካል፤ ያቺን ወደ ላይ የቀናች ቢጫ ጣት። አንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጣት ላከልኝ። ቅጹ ከኤፕሪል አምስት ካለፈ እርዳታ የሚባል ነገር የለም፤ ጣቶቹን ደግሞ ኮሌጁ አይቀበለኝም።

«ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ» ትላለች ቲያ። «ጀልባዋን ወደ ውሃ የሚያወርድበት ጊዜ ነው።»

ጀልባዋ ስሟ «ቲያ ሜ» ነው። እዚህ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ሁሉ ጀልባውን በሚስቱ ወይ በልጁ ስም ይጠራል። ዌንደል በልጁ መጥራቱ የብልህ ሥራ ነው፤ ሚስት ትቀየራለች። ሁለት ዓመት ተኩል ይሆነዋል፣ ሎብስተሩ ወደ ሰሜን ሸሸ ብሎ ጀልባዋን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። ለገናና ለልደቷ ይመጣል፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ጀልባዋም ደህና ናት ይላል፣ ፓይ በልቶ ይሄዳል። ቲያ የጀልባዋን ፎቶ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላለች።

የቅጹ ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን አስነሣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የምሰድበውን ስድብ ሳሰናዳ ነው የነዳሁት። ጥሩ ጥሩ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር።

ያገኘሁት በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ተገልብጦ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነው። ወጥመዶቹ በጎን ተከምረዋል። ወጥመዱ የት እንደተጣለ ከውሃው በላይ ሆነው የሚያሳዩት ተንሳፋፊዎች በገመድ ተሰቅለው ይደርቃሉ፤ እሱ አንዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀለም ይቀባል። አረንጓዴና ነጭ። እዚያ ላይ ስድቡ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በእኛ አገር እያንዳንዱ አጥማጅ የራሱ ቀለም አለው፤ ከአባቱ ወርሶት ለልጁ ያወርሰዋል፣ የሌላውን አይነካም። የዌንደል ቀይና ቢጫ ነው። አረንጓዴና ነጭ የሚቀባ ዌንደል የሰው ሠራተኛ የሆነ ዌንደል ነው።

«ሎርና» አለኝ ብሩሹን እንደያዘ። «ማን ሞተ?»

«ማንም። የሞትከው አንተ መስለኸኝ ነው የመጣሁት።»

«ጣት ልኬልሽ የለ?»

«የማን ቀለም ነው ዌንደል?»

ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ ጠረገው፤ ደግሞ ጠረገው። «የሃስኬል፣ የግቢው ባለቤት» አለ።

«ጀልባዋስ?»

«እሷም የሃስኬል ናት። ሁለት ክረምት አለፋት።» ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «ሞተሯና ጉልበቴ በአንድ ዓመት ተበላሹ። ሁለቱንም ማሳከም አልተቻለም።»

«ስሟን ቀየረው?»

«የጀልባ ስም የቀየረ ገዱ ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የልጄ ስም ላይ ተሳፍሬ ለሰው እሠራለሁ።»

ይህን ሲለኝ አንጀቴን በላው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቤ ስረግመው የኖርኩት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አንዲትም ክፉ ቃል ላገኝለት አልቻልኩም።

የሚኖረው ከሃስኬል ጋራዥ በላይ ባለች አንድ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩን ከፈተልኝ። ቅጹን ጀምሮታል ለካ፤ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ትቶታል። «የራስዎ ንግድ ወይም ንብረት» በሚለው ላይ «አንድ ጀልባ» ብሎ፣ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶ ጽፏል።

«ዌንደል፣ ይህ ውሸት ነው። ደግሞ የሚጎዳን ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል ያልላክሁት? እውነቱን ብጽፍ ቲያ ታየዋለች።»

«ቲያ አታየውም! እኔም አላየውም። ያንተን ቅጽ የሚያየው ኮሌጁ ብቻ ነው።»

«እስቲ ማይ።»

«እናቴ ትሙት።»

«እናትሽ ሞታለች።»

«እንግዲያው ሁለቴ ትሙት! ሙላው በቃ።»

ሳቀ። ከዚያ ዞር በይ አለኝ። እኔ ሁሉን አውቄ ጨርሻለሁ፤ እሱ ግን ሲጽፈው ማንም እንዲያየው አልፈለገም። ዞርኩለት። በመስኮቱ ወደቡን እያየሁ ቆምኩ። «የቁጠባ ሒሳብ» ብሎ ያነባል፤ ቁልፉ አንዴ ቀጭ ይላል። «ቤት» ይላል፤ አንዴ ቀጭ። «ጀልባ» ሲል ትንሽ ቆየ፤ መጀመሪያ የጻፈውን ሲያጠፋ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ፣ በመጨረሻም አንዴ ቀጭ። ዜሮ ስትጻፍ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ለቲያ እንዳትነግሪያት» አለኝ መኪናው ድረስ ሲሸኘኝ። «ጉልበቴ ሲሻለው ሌላ እገዛለሁ። ያኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«አልነግራትም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። አሥራ ሁለት ቀን። ገጹ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር «ማመልከቻው ተሟልቷል» ወደሚል ተቀየረች፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ የተለመደውን መንገድ እነዳለሁ። ሮንዳ ምሳዬ ላይ አንድ ጭልፋ ጨምራ ትሰጠኛለች፤ የሚጠብቅ ሰው ይበላል ትላለች። ቲያ ረጋ ብላለች። እኔም ረጋ ያልኩ መስሎኝ ነበር፣ አንድ ከሰዓት የሎውል ወንድማማቾችን ቤታቸውን አሳልፌ ሦስት ማቆሚያ ይዣቸው እስክሄድ ድረስ። ልጆቹ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት፤ ደስ ብሏቸዋል።

ሐሙስ ቀን አውቶቡሱን አስረክቤ ቤት ስገባ ቲያ ኮቷን ሳታወልቅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ከፊቷ ክፍት ነው።

«መጣ» አለች።

«አልከፈትሽውም?»

«ከፍቼዋለሁ።»

ፊቷን አየሁት። እምቢ አሉን አልኩ በልቤ። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። የዓመቱ ክፍያ ሰማንያ ስድስት ሺህ ዶላር። ኮሌጁ የሚሸፍነው ብዙው፣ አንድም ብድር የሌለበት። ከታች፣ ቤተሰቡ የሚከፍለው፤ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ።

ጮህኩ። አቀፍኳት፣ ሳምኳት፣ የአውቶቡሱ ዩኒፎርም እንዳለብኝ ወጥ ቤቱን ዞርኩት። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ከየትም ብዬ አመጣዋለሁ። ዞሬ ስመለስ ግን ልጅቱ እንዳለች ናት።

«ምን ሆነሻል? ገባሽ እኮ!»

«እማዬ፣ በመከር ድረ ገጹ ላይ ያለውን የኮሌጁን የክፍያ ማስሊያ ሞልቼው ነበር። ያንቺን ደሞዝ፣ አባዬ አገኛለሁ ያለኝን፣ ጀልባዋን። ሃያ ስድስት ሺህ ትከፍላላችሁ አለኝ።»

«የኮምፒውተር ነገር። ተሳስቶ ይሆናል።»

«ባንቺ በኩል ልክ ነው፤ ያንቺን ብቻ ከትቼ አሁን ደግሜ አየሁት። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ የሚመጣው አባዬ ምንም ከሌለው ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጀልባዋ የለችም አይደል?»

ቃል ገብቻለሁ። ጥርሴን ነከስኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ ዝምታዬን ከንግግሬ ይልቅ በደንብ ታነበዋለች።

«መቼ?»

«ከተሸጠች ሁለት ክረምት አለፋት» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? እኔ ጀልባ ምን ያደርግልኛል?»

«ስምሽ ያለባት ስለሆነች ነዋ! አንቺን የሸጠ መስሎት ነዋ!»

ቃሌን በላሁ። አልጸጸተኝም፤ አሁንም አይጸጽተኝም። ቲያ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን በኮቷ እጅጌ ጠረገችና ስልኳን አነሳች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዌንደል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ እንደዚያ ሲያነሳ አይቼው አላውቅም።

«እ፣ የኔ ልጅ?»

«ሰጡን አባዬ። የምንከፍለው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብቻ ነው።»

ከጀርባው የባሕር ወፍ ይጮሃል።

«ጀልባዋ… ጀልባዋ እንቅፋት ትሆናለች ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ።

ቲያ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ለአጥማጅ ጀልባ መሥሪያው ነው፣ ደንባችን ነው፣ የማንንም አንቆጥርም ብለዋል።»

«እንደዛ አሉ?»

«እንደዛ አሉ።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለ።

«በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው አባዬ።»

«ኦገስት ላይ እኔ ነኝ የማደርስሽ። በጀልባዋ ባደርስሽ ደስ ባለኝ።»

«ኮሌጁ እኮ ተራራ ላይ ነው።»

«አንቺ ትገፊያታለሻ!»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ነው የምትስቀው። እወድሃለሁ አለችው፣ እወድሻለሁ አላት፣ ስልኩ ተዘጋ።

«አወቀብኝ?» አለችኝ።

«አላወቀብሽም» አልኳት። «ልክ እንደ እሱ ነው የዋሸሽው።»

ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እኔም አለቀስኩ።